ጫማችሁን ገልብጡና ጎማውን እዩ

ባለፈው ቅዳሜ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ ፊት ለፊት ባለው ኮሙናል ውስጥ፣ በጎማ ጫማ ስኬቲንግ ለማሰለጥናቸው ልጆቻችንና ለወላጆቻቸው ያወራሁትን ነው እዚህ ያሰፈርኩት። መምጣት ያልቻሉ ወላጆች «ጻፊልን» ስላሉኝ ነው። አፌ ላይ እንደመጣልኝ ነበር የተናገርኩት፤ ስጽፈውም ብዙ አልነካካሁትም።

እንዴት ዋላችሁ። ወላጆች፣ የቅዳሜ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

እስቲ መጀመሪያ ጫማችሁን አውልቁና ገልብጡት። አሁን፣ እዚሁ። ጎማውን በጣታችሁ ዳብሱት። በውስጥ በኩል፣ ወደ ሌላኛው እግር በዞረው በኩል ማለቴ ነው፣ ከውጭው የበለጠ ተበልቷል? የአብዛኞቻችሁ እንደዚያ ነው፣ ባለፈው ሳምንት አይቼዋለሁ። ይሄ ማለት ስትገፉም፣ ስትንሸራተቱም፣ ስትዞሩም የምትደገፉት በውስጥ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። ጎማው ሁለት ሁለት ሆኖ የተገጠመላችሁ ደግሞ ከፊት ያለውን የላስቲክ ማቆሚያ እዩ። ጫፉ ወደ አንድ ጎን አልቆ ከሆነ ፍሬን ስለያዛችሁበት ብቻ አይደለም። በእግር ጣታችሁ እየገፋችሁ ነው።

ጎማ እንዲህ ነው። የሠራችሁትን ስህተት ራሱ ላይ ይጽፈዋል።

ዛሬ የማወራው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በረዶ ላይ ፊገር ስኬቲንግ፣ ማለትም በስለት ጫማ እየተንሸራተቱ መዝለልና መሽከርከር፣ የሚሠሩ ልጆች በረዶ በማይገኝበት ወራት ጎማ ያጠልቃሉ። ብዙዎቹ ግን የሚያጠልቁት ዝላያቸው እንዳይጠፋባቸው ብለው ነው፣ እኔም እንደዚያ ነበርኩ፣ ዋጋም ከፍዬበታለሁ። ጎማ የሚጠቅመው ለዝላይ አይደለም። ለጠርዝና ለጉልበት ነው። ይሄን ያልኩት እናንተንም ስለሚመለከት ነው፤ ምክንያቱም በረዶ ረግጣችሁ ስለማታውቁ የምትሠሩት ነገር ሁሉ የማስመሰል የሚመስላችሁ ልጆች አላችሁ። አንዱማ «ኮች፣ እኛ እኮ ዝም ብለን ነው» ብሎኛል። አይደለም። ቆይ ላስረዳህ።

እኔ ኮተቤ ነው የተወለድኩት። በ9 ዓመቴ ከእናቴ ጋር ስዊድን ሄድኩ፣ እዚያ አደግኩ፣ ከተመለስኩ 4 ዓመት ሆነኝ። እዚህ በረዶ ሲባል የሚታየን ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው። እኔ የምለው በረዶ ግን አዳራሽ ውስጥ፣ ከወለሉ ሥር በተዘረጋ ቱቦ እየቀዘቀዘ የሚሠራ ወለል ነው፤ ውፍረቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር፣ ለትልቅ ውድድር ከሆነ ስፋቱ 60 ሜትር በ30 ሜትር። ያንን ሁሉ አቀዝቅዞ ማቆየት ብዙ መብራት ይበላል። ስለዚህ የዓለም ሻምፒዮናው በመጋቢት ካለቀ በኋላ፣ አየሩም መሞቅ ሲጀምር፣ ብዙ አዳራሾች ማሽኑን ያጠፉታል። እኛ የምንሠራበት አዳራሽ በሚያዝያ ይቀልጥ ነበር። አንድ ቀን ትሄዳላችሁ፣ ነጩ ወለል የለም፣ ግራጫ ሲሚንቶ ነው ያለው። እስከ ነሐሴ ድረስ በቃ።

ታዲያ በነዚያ ወራት ምን ይሠራል?

እዚህ ሰፈር ለኖረ ሰው ይሄን ማስረዳት ይቀላል። ማለዳ በለገጣፎ በኩል ብትወጡ ሯጮቹን ታያላችሁ። አንድ ቀን እንጦጦ ጫካ ውስጥ ናቸው፣ አንድ ቀን ኮረኮንች ላይ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሰንዳፋ መንገድ አስፋልቱ ላይ። ማራቶን የሚሮጠው አስፋልት ላይ ነው ብሎ በየቀኑ አስፋልት ላይ የሚሮጥ ሯጭ የለም። ጫካው ቁርጭምጭሚትን ያጠነክራል፣ እግርን ከአስፋልት ምት ያሳርፋል፤ ዳገቱ ሳንባን ይከፍታል፤ አስፋልቱ ደግሞ ፍጥነቱን ያስለምዳል። መሬት ሁሉ የሚያስተምረው የራሱ ነገር አለው፣ ሯጩም ከየትኛው ምን እንደሚፈልግ አውቆ ነው የሚወጣው። ጎማንም እንደዚያ አስቡት። የበረዶ ምትክ ነው ብላችሁ ከሄዳችሁ ያሳዝናችኋል፣ ምትክ አይደለምና። ሌላ መሬት ነው።

በነገራችን ላይ ጎማና በረዶ የቆየ ዝምድና አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1849 ፓሪስ ኦፔራ ውስጥ ተወዛዋዦች የቀዘቀዘ ሐይቅ ላይ የሚንሸራተቱ ለመምሰል ጎማ አጥልቀው ነበር መድረክ ላይ የወጡት። ያኔ ጎማው መታጠፍ ጭንቁ ነበር፣ ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎን አይታዘዝም። በ1863 ጄምስ ፕሊምፕተን የሚባል አሜሪካዊ ነው ነገሩን የቀየረው። ጎማዎቹን ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ አደረገና በጫማውና በጎማው መሐል ጎሚኒ አስገባበት። ሰውየው ወደ ቀኝ ሲያጋድል ጎሚኒው ይጨመቃል፣ ጎማዎቹ ራሳቸው ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው ባለ ሁለት ሁለት ጎማ ጫማ አሠራሩ አሁንም ያው ነው፣ ገልብጣችሁ ስላያችሁት ታገኙታላችሁ፣ መሐል ላይ ያለው ብሎን አጠገብ ያለችው ክብ ላስቲክ። በመስመር የተደረደረው ደግሞ ከ1980 ወዲህ ነው የተስፋፋው፤ ሚኒያፖሊስ አካባቢ ስኮትና ብሬናን ኦልሰን የሚባሉ ወንድማማች የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች በረዶ በሌለበት ወራት ለመለማመድ ብለው አሻሻሉት፣ ከዚያ ሮለርብሌድ የሚባለው ድርጅት መጣ። ለረፍት ወራት ልምምድ ተብሎ የተሻሻለ ነገር ነው እንግዲህ በመስመር የተደረደረው ጫማችሁ።

ወደ ጠርዙ ልመለስ፣ ዋናው እሱ ነው።

የፊገር ስኬቲንግ ጫማ ሥር ያለው ስለት ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የታችኛው ፊቱ ጠፍጣፋ አይደለም፣ መሐሉ እንደ ቦይ ተቦርቡሯል፤ ስለዚህ ግራና ቀኝ ሁለት ጠርዝ አለው። ወደ ውጭ ስታጋድሉ የውጭው ጠርዝ ይነክሳል፣ ወደ ውስጥ ስታጋድሉ የውስጡ። በረዶ ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ የለም ማለት ይቻላል፣ ሁልጊዜ ወደ አንዱ ጠርዝ አጋድላችሁ ክብ እየሠራችሁ ነው። ስድስቱም የዝላይ ዓይነቶች የሚለዩት በየትኛው ጠርዝ ተነሳህ፣ በጥርስ፣ ማለትም ከስለቱ ፊት ባለው መጋዝ መሰል ጫፍ፣ ተነሳህ ወይስ በጠርዙ ብቻ በሚለው ነው። ጠርዝ የሌለው ልጅ ዝላይ የለውም፤ ያለው የሚመስለው ለጊዜው ነው።

ጎማም የሚታጠፈው በማጋደል ነው። ስለት የለውም፣ ማጋደሉ ግን ያው ነው፤ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ወደ ክቡ መሐል መዘንበል አለባቸው። ልዩነቱ ጎማ ላይ ማስመሰል አይቻልም። በረዶ ላይ በወገቡ ተጣጥፎ ያጋደለ የሚመስል ልጅ አለ፣ ስለቱ በትንሹም ቢሆን ስለሚነክስ ክቡን ያገኘዋል። ጎማ ላይ በወገብ ከታጠፋችሁ ጎሚኒው አይጨመቅም። ቀጥ ብላችሁ ትሄዳላችሁ፣ ከክቡ ትወጣላችሁ። ያን ጊዜ ራሳችሁን ማታለል አትችሉም።

ስለመግፋትም እንዲሁ። በ13 ዓመቴ እናቴ ያገለገለ ባለ አራት ጎማ ጫማ ገዛችልኝ። አሰልጣኜ ሲሰማ «ጎማ እግርሽን ያበላሸዋል» አለኝ። እኔ ግን ሚያዝያ ላይ በረዶው ሲቀልጥ የማደርገው ስለሌለኝ ወደ አንድ ሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ሄድኩ። እሑድ ስለሆነ ባዶ ነበር። በረዶ ላይ ከቡድናችን ፈጣን ከሚባሉት ነበርኩ። አስፋልቱ ላይ ግን 10 ደቂቃ ሳይሞላኝ ቁና ቁና መተንፈስ ጀመርኩ፣ ጭኔ ነደደ፣ ፍጥነትም አልነበረኝም። መጀመሪያ ጫማው ነው ብዬ ነበር፣ ጎማውን አሽከርክሬ አየሁት፣ ደህና ነው። ቀስ እያልኩ ስገፋ ነው የገባኝ። ግራ እግሬ ስገፋ ጉልበቴ ቀጥ ይላል፣ የምገፋውም በጣቴ ነው።

በረዶ ላይ ይሄ ለምን አልታየም? ምክንያቱም በረዶ ያገኘውን ፍጥነት አይጨርሰውም። አንዴ ገፍታችሁ የአዳራሹን ግማሽ ትሄዳላችሁ። ሰነፍ ግፊትም በቂ ይሆናል። አስፋልት ግን ይበላችኋል፣ ፍጥነታችሁን በየሜትሩ ይወስደዋል፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ግፊት ከታጠፈ ጉልበት፣ በጎማው ሙሉ ርዝመት፣ ወደ ጎን መግፋት ግድ ነው። በጣት ከገፋችሁ ባለ አራት ጎማው ላይ ማቆሚያው መሬት ይነካና ይይዛችኋል። ያን ዓመት ነሐሴ ላይ ወደ በረዶ ስመለስ ያ አሰልጣኝ «ምን ሠርተሽ ነው» ብሎ ጠየቀኝ። ግፊቴ ተለውጦ ነበር። እዚህ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ በአራት ደቂቃ የውድድር ፕሮግራም መጨረሻ ላይ የሚያስፈልገው ትንፋሽ እዚህ አስፋልት ላይ ይገነባል። ሯጮቹ ለዚሁ ነው ከሌላ አገር ድረስ የሚመጡት።

አሁን ዝላይ። ይሄን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፣ በተለይ ትልልቆቹ ልጆች ስሙኝ።

በሁለተኛው ዓመት ልቤ አበጠ። በረዶ ላይ ድርብ ሳልኮ ነበረኝ፣ ማለትም ከኋላ ውስጥ ጠርዝ ተነስቶ አየር ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ መውረድ። ጎማ ላይም እሠራዋለሁ አልኩ። ተነሳሁ፣ ዞርኩ፣ ግን ሁለት ዙር ሳልሞላ ወረድኩ። በረዶ ላይ ሩብ ዙር ሲቀራችሁ ስለቱ ትንሽ ወደ ጎን ይንሸራተትና ቀሪውን ዙር መሬት ላይ ትጨርሱታላችሁ፣ ነጥብ ይቀነስባችኋል እንጂ እግራችሁ ይተርፋል። ጎማ ወደ ጎን አይንሸራተትም። አስፋልቱን ያዘ፣ ሰውነቴ ግን መዞሩን አላቆመም፣ በእጄ ተደገፍኩ። የእጄ አንጓ ተሰበረ። 6 ሳምንት ጄሶ ውስጥ ነበርኩ። ዶክተሩ ጉልበትሽ ስላልሆነ አመስግኚ አለኝ፣ ልክም ነበር።

ሌላም ችግር አለ። ባለ አራት ጎማ ጫማ ከበረዶ ጫማ ይከብዳል፣ ስለዚህ መነሻችሁም መዞራችሁም ይዘገያል። ከፊት ያለው ላስቲክ ደግሞ እንደ በረዶ ጫማው ጥርስ መሬት ቆፍሮ አይገባም፣ ደንዝዞ ነው የሚመታው። ለሁለት ወር እዚያ የለመዳችሁት ጊዜ አጠባበቅ በረዶ ላይ ስትመለሱ ያሳስታችኋል፤ ቶሎ ትነሳላችሁ ወይ ትዘገያላችሁ። በጎማ ድርብና ሦስት ዙር የሚዘሉ ሰዎች የሉም አላልኩም። አሉ፣ በጣም ጎበዞች ናቸው። የጎማ አርቲስቲክ ስኬቲንግ የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። እነሱ ግን የሚዘሉት ለዚያ በተሠራ ለስላሳ ወለል ላይ ነው፣ ሕይወታቸውን ሙሉ በጎማ ነው ያደጉት፣ የራሱ የቻለ ሙያ ነው። ከበረዶ ለሦስት ወር መጥቶ መኪና ማቆሚያ ላይ መሞከር ሌላ ነገር ነው። እኛ ጋ ዝላይ የምንለማመደው በሸራ ጫማ፣ ፍራሽ አጠገብ ነው። አየር ላይ መዞርን ለመማር ጎማ አያስፈልግም።

መሽከርከርን በአጭሩ ልለፈው። እናቶቻችሁ እንዝርት ሲያሾሩ አይታችኋል። እንዝርቱ ካዘነበለ ይንከራተታል፣ ቀጥ ካለ አንድ ቦታ ቆሞ ይሾራል። እጃችሁን ወደ ደረት ስትሰበስቡ የምትፈጥኑት ክብደታችሁ ወደ መሐሉ ስለሚጠጋ ነው፣ ይሄ በበረዶም በጎማም አንድ ነው። በረዶ ላይ ግን የምትሾሩት ከጥርሱ ኋላ ባለችው ትንሽ ቦታ ላይ ነው፣ ጎማ ላይ እንደዚያ ያለ ነጥብ የለም። ስለዚህ ጎማ ላይ አቋቋሙን ተማሩ፣ ብዛቱን አትቁጠሩ።

አሁን በጣም ወደምወደው ነገር ልምጣ። ክቦቹ።

እዚያ ብሎክ 40ዎቹ ጋ መኪና ማቆሚያው ላይ በጠመኔ የተሳሉትን ክቦች አይታችሁ «ይሄ ምንድነው፣ የሰኞ ማክሰኞ ነው ወይ» ያላችሁ ወላጆች አላችሁ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ፊገር ስኬቲንግ ፊገር የተባለው በረዶ ላይ ቅርጽ ስለሚሳል ነው። ልጆች በአንድ እግር ቆመው ስምንት ቁጥር የመሰለ ሁለት ክብ ይሠሩ ነበር፣ ዳኞች ደግሞ በረዶው ላይ የቀረውን ጭረት ጎንበስ ብለው ያዩ ነበር። ክቡ ክብ ነው ወይ፣ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን ጭረት ተከትሏል ወይ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ውድድሩ ውስጥ ትልቁን ነጥብ የሚይዘው እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990 በኋላ ከዓለም አቀፍ ውድድር ወጣ። ለቴሌቪዥን አይስብም፣ ጊዜም ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ያደገው ልጅ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ክብ ሳይሠራ ነው ዝላይ የተማረው።

ጎማ ላይ ግን አልጠፋም። ጎማ ላይ ክብ የመሥራት ውድድር ከዚያም በኋላ ቀጥሏል፣ ወለሉ ላይ በተሳለ 6 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ። በረዶ የተወውን ጎማ ይዞት ኖሯል። ይሄን ያወቅኩት እጄ ከዳነ በኋላ፣ መዝለል ስለፈራሁ ሌላ ነገር ስፈልግ ነው፤ በዚያ የረፍት ወራት ከክብ ሌላ ምንም አልሠራሁም፣ በረዶ ላይ ስመለስ ደግሞ ከምንጊዜውም የተሻለ ዓመት ነበረኝ።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ፣ ለወላጆች ልድገመው። 3 ሜትር ገመድ እንቆርጣለን፣ አንዱ ልጅ አንዱን ጫፍ መሐል ላይ ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው በሌላው ጫፍ ጠመኔ ይዞ ይዞራል። ከዚያ ጎኑ ሌላ ክብ፣ ሁለቱ አንድ ነጥብ ላይ የሚነካኩ። ልጁ እዚያ ነጥብ ላይ ይቆማል፣ አንዴ ይገፋል፣ ከዚያ በቀኝ እግሩ የውጭ ጠርዝ ክቡን ሙሉ ዞሮ ወደ ነጥቡ ይመለሳል። በአንድ ግፊት 19 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ከዚያ በግራ እግር ሁለተኛውን። የማይሠራው እግር መጀመሪያ ከኋላ ነው፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ያልፋል። ዓይን መስመሩን ወደፊት ይከተላል፣ እግርን አያይም። በቃ፣ ይሄው ነው። ሲያዩት ቀላል ነው፣ ሞክሩት ግን! የኛ መኪና ማቆሚያ ደግሞ ውኃ እንዲወርድ ተብሎ ዘንበል ያለ ስለሆነ ግማሹ ክብ ዳገት፣ ግማሹ ቁልቁለት ነው። መጀመሪያ ያናደደኝ ነገር ነበር። አሁን ደስ ይለኛል፣ ዳገቱ ላይ ጉልበቱን ያላጠፈ ልጅ ይቆማል፣ ቁልቁለቱ ላይ ያልተረጋጋ ልጅ ከመስመሩ ይወጣል።

እዚህ መሐላችሁ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ አለች፣ ስሟን አልጠራም፣ ታፍራለች። ስትጀምር የውጭ ጠርዝ የሚባል ነገር አልነበራትም፣ ወደ ውጭ ማጋደል ማለት መውደቅ ይመስላት ነበር። ሁለት ወር ክብ ብቻ ሠራች። እውነቴን ነው፣ ክብ ብቻ፣ እያለቀሰችም ጭምር። አንድ ቀን ማለዳ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች። «ኮች! ኮች! ውጭውም አለቀ!» አለችኝ። ጎማዋን ገልብጣ አሳየችኝ፣ የውጭው በኩል መበላት ጀምሯል። እናቷ ከኋላዋ መጡና «ምኑ ነው የሚያስደስታት፣ ጎማ እኮ ብር ነው» አሉኝ። እትዬ፣ ልክ ነዎት፣ ጎማ ብር ነው። ግን ያን ቀን ከዚያ ጎማ የበለጠ ያስደሰተኝ ነገር አልነበረም፣ እዚሁ በሁሉም ፊት ልንገርዎት ብዬ ነው።

ክቡን የጨረሰ ልጅ ወደ ሦስት ቁጥር መዞር ይሄዳል፣ በአንድ እግር ከፊት ወደ ኋላ መገልበጥ። በረዶ ላይ ይሄ የሚቻለው ስለቱ ከፊት ወደ ኋላ ቀስት ስለሆነ ነው፣ ከ2 ሜትር የሚበልጥ ራዲየስ ካለው ክብ እንደተቆረጠ ቁራጭ። ስለዚህ የሚነካው ትንሽ ቦታ ብቻ ነው፣ እዚያ ላይ ትገለበጣላችሁ። በመስመር የተደረደሩ አራት ጎማዎች እኩል ከሆኑ ሁሉም መሬት ይነካሉ፣ መገልበጥ እምቢ ይላል። አዲስ ልዩ ጫማ መግዛት አያስፈልግም። የተበሉትን ትንንሾቹን ጎማዎች ከፊትና ከኋላ አድርጉ፣ ደህናዎቹን መሐል። በቃ፣ ቀስት ሆነላችሁ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ይበቃል። ሰልባጅ የገዛችሁት ጫማ እንዲህ ተደርጎ ይሠራል፣ እኔ ያደረግኩላቸው ልጆች ያውቁታል።

ስለ ጫማው ካነሳሁ አይቀር፣ ጎማው ላይ ቁጥር ተጽፏል፣ 78 ኤ፣ 85 ኤ፣ 95 ኤ እያለ። ቁጥሩ ሲያድግ ጎማው ይጠነክራል። ለአስፋልት ለስለስ ያለው፣ ከ85 በታች ያለው ይሻላል፣ ጠጠሩን ይውጠዋል። ለዚህ ኮሙናል ሊሾ ወለል ጠንከር ያለው። ኮብልስቶን ላይ አትንዱ፣ ለጎማውም ለጉልበታችሁም አይሆንም። ኩሽኔታው ደግሞ በአብዛኛው ጫማ ላይ አንድ ዓይነት ነው፣ መሐሉ 8 ሚሊ ሜትር፣ ውጭው 22፤ ብዙውን ጊዜ የአንዱ ለሌላው ይሆናል። አባቶቻችሁ ልጅ እያሉ በኩሽኔታ የእንጨት ጋሪ ሠርተው ቁልቁለት ይወርዱበት የነበረው የዚሁ ታላቅ ወንድም ነው። አቧራ ሲገባበት በነጭ ጋዝ እጠቡት፣ አድርቁት፣ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ። ግራሶ አትሙሉበት፣ አቧራ ይሰበስባል።

ሰኔ ግም ሲል ደግሞ የኛ የረፍት ወራት ይጀምራል። እነሱ በረዶ ሲያጡ ጎማ ይይዛሉ፣ እኛ ዝናቡ ሲመጣ ጎማውን እናስቀምጣለን፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ጎማ ያንሸራትታል፣ ኩሽኔታውም ይዝጋል። እስከ መስከረም እዚህ ወለል ላይ በሸራ ጫማ ሚዛን፣ ዝላይ፣ መለጠጥ እንሠራለን። ኮሙናሉን በሳምንት ሦስት ቀን ለፈቀደልን ኮሚቴ ምስጋና ይድረሰው።

«ማን ደረሰ ከዚህ ተነስቶ» የሚለኝ አለ። ታራ ሊፒንስኪ እ.ኤ.አ. በ1998 ናጋኖ ላይ በ15 ዓመቷ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘችው የፊገር ስኬቲንግ ተወዳዳሪ፣ በ3 ዓመቷ የጀመረችው በጎማ ነው፣ በ9 ዓመቷም በእድሜ ክልሏ የአሜሪካ የጎማ ሻምፒዮን ነበረች። ኤሪን ጃክሰን ከፍሎሪዳ፣ በረዶ ከማይታይበት አገር፣ ጎማ ላይ አድጋ በ2022 ቤይጂንግ ላይ በ500 ሜትር የበረዶ ፍጥነት ውድድር ወርቅ ወሰደች፤ በክረምት ኦሎምፒክ በግል ውድድር ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። የኛው ሮቤል ተክለማርያም ደግሞ በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ቫንኩቨር፣ በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሏል። የሱ ስፖርት አገር አቋራጭ ስኪ ነው። እዚህ በረዶ የለምና ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። ሰው እንዴት እያየው እንዳለፈ መገመት አያቅታችሁም፣ እናንተንም እኮ እንደዚያው ነው የሚያዩዋችሁ።

አንድ ነገር ብቻ፣ ይሄን እየለመንኳችሁ ነው። ሰንዳፋ መንገድ ላይ የአይሱዙ ኋላ ይዛችሁ የምትጎተቱ አላችሁ። አውቃለሁ፣ አይቻለሁ። ሹፌሩ አያያችሁም። ድንገት ፍሬን ቢይዝ የምትሄዱበት የለም። ያ ስኬቲንግ አይደለም፣ አንዲት ግፊት እንኳን የናንተ አይደለችም። ያየሁትን ልጅ ከክቡ አስወጣዋለሁ ብዬ ማስፈራራት አልፈልግም፣ እንዲያውም ማታ ማታ ስለናንተ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣለሁ፣ እባካችሁ ተዉልኝ። ሄልሜትና የእጅ አንጓ መከላከያ የሌለው ደግሞ እኔ ጋ ይምጣ፣ ተበድረንም ቢሆን እንፈልጋለን።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር። ብዙው ስለ ጎማ ዋጋና ስለ ሰዓት ነበር፣ እሱን አልጻፍኩትም። አንዱን ግን ልጻፈው። ቅድም ያነሳኋት የ12 ዓመቷ ልጅ እናት ከኋላ ተነሱ።

«ልጄ፣ እንዲያው እግዚአብሔር ብሎ ይቺ ልጅ አንድ ቀን በረዶው ላይ ብትወጣ፣ ያን ጊዜ ትቆማለች ወይስ ትወድቃለች?»

«ትወድቃለች እትዬ» አልኳቸው። «መጀመሪያ ቀን ትወድቃለች። ጫማው ይቀላታል፣ ወለሉ ያመልጣታል፣ ጥርሱ ከፊት ይይዛታል፣ ፍሬንም እንደለመደችው አይሆንላትም፣ ስለቱን ወደ ጎን ገፍታ በረዶውን እየፋቀች መቆምን መማር አለባት። ሁለተኛውም ቀን ትወድቅ ይሆናል። ግን በውጭ ጠርዝ ቁሚ ሲሏት ትቆማለች። እኔ በረዶ ላይ ሁለት ዓመት ሠርቼ አልቻልኩትም ነበር።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እንግዲያው ጎማውን እገዛላታለሁ» አሉና ተቀመጡ።

ነገ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መኪኖቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ እዚያው ማቆሚያው ላይ ነን። ትናንት ዘንቦ ክቦቹን አጥቦብናል። ጠመኔ ያለው ይዞ ይምጣ፣ ገመዱ እኔ ጋ ነው።